በትንሿ እግር ለኩት፦ ቤተሰብ ይዞ በዓለም ኤክስፖ አንድ ቀን መዋል

በዱባዩ ኤክስፖ 2020 ሰሞን ቤተሰቤን ይዤ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ዐሥራ አራት አገር ልናይ ተነሥተን አምስት አየን። ማታ በባቡር ስንመለስ የአራት ዓመቷ ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝታ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ አኩርፎ፣ ከደሴ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች፣ ባለቤቴና እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ሰልፍ ማን እንደመረጠው በዝምታ እየተወቃቀስን ነበር። በሦስተኛው ቀን አራት ነገር ብቻ አየን። ልጆቹ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለዚያ ቀን ነው። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሦስተኛው የተማርኩትን ልጻፈው፤ ለሚቀጥሉት ኤክስፖዎች የሚዘጋጅ ቤተሰብ ይጠቀምበታል።

ኤክስፖን ያላየ ሰው የገና ባዛር ይመስለዋል፤ እኔም አዲስ አበባ የማውቀውን ባዛር በሐሳቤ አስፍቼ ነበር የጠበቅኩት። ነገሩ ሌላ ነው። አገሮች ለስድስት ወር ያህል የየራሳቸውን ቤት አሰናድተው እንግዳ የሚቀበሉበት ጊዜያዊ ከተማ ነው። ቤቶቹን ሰው ሁሉ ፓቪሊዮን ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ነገሩ የተጀመረው በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ከብረትና ከመስታወት በተሠራው ግዙፍ አዳራሽ ነው፤ የፓሪሱ የኤፍል ማማም ለ1889ኙ ኤክስፖ የተተከለ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1967 ሞንትሪያል ድረስ ሄደው ኤክስፖውን ጎብኝተዋል፤ ኢትዮጵያም እዚያ ፓቪሊዮን ነበራት። በ2015 ሚላኖ ላይ ከቡና አብቃይ አገሮች ጋር ተሰልፋለች፤ ዱባይ ላይ ደግሞ ድንቅነሽን ይዛ ቀርባለች። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከፊታችን ካሉት ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው የቤልግሬድ ነው፤ ከሜይ 15 እስከ ኦገስት 15 ቀን 2027 ይቆያል፤ በእኛ ከግንቦት 7 እስከ ነሐሴ 9 ቀን 2019 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ይህ አነስተኛ የሚባለው ዓይነት ሲሆን ጭብጡ ስፖርትና ሙዚቃ ነው። ትልቁ የሪያዱ ነው፦ ከኦክቶበር 1 ቀን 2030 እስከ ማርች 31 ቀን 2031። በእኛ ሲቆጠር መስከረም 21 ቀን 2023 ዓ.ም. ይከፈታል፤ እናቴ ይህን ስትሰማ "በግሸን ማርያም ዕለት!" አለች። የዱባዩም (ስሙ 2020 ቢሆንም በ2021) የተከፈተው በዚያው ዕለት ነበር።

አንድ፦ ቀኑን ምረጡ

ሌላውን ሁሉ የሚወስነው ይህ ስለሆነ ጊዜ ውሰዱበት።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ኤክስፖ ከኦክቶበር እስከ ማርች የሚሆነው በሙቀቱ ምክንያት ነው። ቢሆንም ኦክቶበር አሁንም ይጠብሳል፤ ሕፃንና ሽማግሌ ይዞ ለሚሄድ ሰው ኖቬምበር አጋማሽ ካለፈ በኋላ ይሻላል። የሪያድ የጃንዋሪ ምሽት ደግሞ ከዱባይ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ሹራብ የሚያስፈልገው ብርድ ነው። የመዝጊያው ሳምንታት በየትኛውም ኤክስፖ ላይ መጥፎ ናቸው፤ "በኋላ እሄዳለሁ" ሲል የከረመው ሕዝብ በሙሉ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። የሻንጋዩ ኤክስፖ በ2010 በስድስት ወር ውስጥ 73 ሚሊዮን ጉብኝት አስተናግዷል፤ የዱባዩ 24 ሚሊዮን አልፏል። ከዚህ ጎርፍ መሸሽ የሚቻለው በቀን ምርጫ ነው።

የሳምንቱ ቀናት ነገር ለእኛ ሰዎች ልዩ ጉዳይ አለው። በባሕረ ሰላጤው የምንኖር ብዙዎቻችን "ቤተሰብ" የምንለው አባት፣ እናትና ልጆች ብቻ አይደለም፤ እኅት፣ የአክስት ልጅ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሥራ የምትወጣ የሰፈር ልጅም አለችበት። ስለዚህ ሁሉም የሚገናኝበት ቀን ጠባብ ነው። ሳዑዲ ውስጥ የሳምንቱ መጨረሻ ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ የዕረፍት ቀኗን በልመና ወደ እሑድ ማዛወር የቻለች ሰው ካለች ትልቅ ነገር አተረፈች፤ እሑድ እዚያ የሥራ ቀን ነውና ሰልፉ ይቀንሳል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ በጃንዋሪ 2022፣ ልክ በኤክስፖው መካከል፣ የዕረፍት ቀኑን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛወረች። ይህን ዘንግቼ በአዲሱ ሥርዓት የመጀመሪያ ሳምንታት እሑድን "ጭር የሚልበት ቀን" ብዬ መርጬ ነበር። ሁለተኛ ጉብኝታችን የተበላሸው በዚህ ነው።

የሪያዱን ስታስቡ የጾሙንም አቆጣጠር አብራችሁ እዩ። ረመዳን በዚያ ዓመት በዲሴምበር 2030 መጨረሻ አካባቢ ገብቶ እስከ ጃንዋሪ መገባደጃ ይዘልቃል፤ ቁርጡን ጨረቃ ይወስነዋል። በረመዳን የባሕረ ሰላጤው ሕይወት ወደ ማታ ይዞራል። ለሙስሊም ቤተሰብ ከኢፍጣር በኋላ መሄድ ደስ ሊል ይችላል፤ ትንንሽ ልጆችን በቀን እያበሉ መዘዋወር ለሚፈልግ ግን ወሩን ማሳለፍ ይቀላል። ሁዳዴ ደግሞ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2031 ይገባል። ሁለቱንም ጾሞች ለመሸሽ የሚፈልግ፣ አየሩም እንዲመቸው የሚሻ ሰው ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ፣ አለዚያም በፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ይሂድ። የነቢያት ጾም ኖቬምበር ላይ ስለሚገባ ጿሚው በምግብ በኩል የምጽፈውን ያንብብ።

ሁለት፦ ቲኬቱን በእርሳስ አስሉት

ዱባይ ላይ የአንድ ቀን መግቢያ 95 ድርሃም፣ ለ30 ተከታታይ ቀናት የሚያገለግለው ደግሞ 195 ድርሃም ነበር። ከ18 ዓመት በታች ያሉና 60 ዓመት የሞላቸው በነፃ ይገቡ ነበር። እናቴና ልጆቹ አልከፈሉም፤ ባለቤቴና እኔ ግን በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የቀን ቲኬት ገዝተን 570 ድርሃም አወጣን። የ30 ቀኑን ብንገዛ ኖሮ 390 ይበቃን ነበር። ከገንዘቡ የሚብሰው ሌላ ጉዳት አለ፤ የአንድ ቀን ቲኬት የያዘ ሰው "ዛሬ ካላየሁት አላየውም" ብሎ ልጆቹን ይጎትታል። በአካባቢው የምትኖሩ ከሆነ ደጋግሞ የሚያስገባውን ግዙ፤ ለእግራችሁም ለጠባያችሁም ዕረፍት ነው።

ነፃና ቅናሽ ዋጋዎች በየኤክስፖው ይለያያሉ። በ2025 ኦሳካ ላይ የአዋቂ የአንድ ቀን ቲኬት 7,500 የን ሲሆን ከአራት ዓመት ጀምሮ ልጆችም ይከፍሉ ነበር። ዕድሜን የሚያሳይ ማስረጃ ለእያንዳንዱ ሰው ያዙ፤ ማስረጃው በአባት ስልክ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ። የዱባዩ ጊዜ ኮሮና ነበርና አዋቂ ሁሉ የክትባት ወይም የምርመራ ውጤት ማሳየት ነበረበት። የእናቴ ወረቀት በእኔ ስልክ ነበር፤ ስልኬ ደግሞ በሩ ላይ ስንደርስ ባትሪው አልቋል።

ሦስት፦ ሦስት ብቻ ምረጡ

የጽሑፌ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የዱባዩ ግቢ 438 ሔክታር ነበር፤ 192 አገሮች ተሳትፈውበታል። የሪያዱ 6 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል ተብሎ ታቅዷል። እንዲህ ያለውን ስፍራ በአንድ ቀን ልይ ማለት መርካቶን በአንድ ከሰዓት ዞሬ ልጨርስ እንደማለት ነው።

ቀኑን በቤተሰቡ ውስጥ ባለችው በትንሿ እግር ለኩት። ልጄ ሳታለቅስ የምትራመደው አርባ ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ ትፈልጋለች። ሰልፍ ደግሞ ለልጅ ከመራመድ ይብሳል፤ ሰዓቱ ከተራመዱበት ጋር አብሮ ይቆጠር። በዚህ ሒሳብ ከጠዋት እስከ ማታ ሦስት ፓቪሊዮንና አንድ ሜዳ ላይ የሚታይ ነገር ይወጣል። ከዚያ የተረፈው ጊዜ ምርቃት ነው።

አመራረጡ እንዲህ ይሁን። ከአንድ ሳምንት በፊት ቤተሰቡ ማታ ተሰብስቦ የየፓቪሊዮኑን ፎቶግራፍ ይመልከት፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ይምረጥ። ልጆች የሚመርጡት አዋቂ ከሚገምተው ውጭ ነው። ልጄ የመረጠው ኔዘርላንድን ነበር፤ ጃንጥላ ይታደላል ተብሎ ስለሰማ ብቻ። እውነትም ጨለም ያለ አዳራሽ ውስጥ ነጭ ጃንጥላ ይሰጥ ነበርና ምስሉ በጃንጥላው ላይ ይሮጥ ነበር። ትንሿ የመረጠችው በመንቀሳቀስ ጭብጥ የተሠራውን አሊፍ የሚባለውን ነው፤ እዚያ ዘጠኝ ሜትር የሚረዝሙ የጥንት ተጓዦች ሐውልቶች አሉ፤ ኢብን ባቱታን አንገቷን ሰብራ አይታ "ይህ ሰውዬ አባዬን ይበላዋል" አለች። እናቴ የኢትዮጵያን መረጠች። ድንቅነሽ ፊት ቆማ ብዙ ጊዜ ወሰደች፤ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በኋላ እንኳ ከሀዳር ወጥቶ እንግዳ መቀበል አልቀረላትም ስትል ሳቅን።

ከሦስቱ አንዱ ብቻ ትልቅና ወረፋው ረጅም የሆነው ይሁን። ዱባይ ላይ የሳዑዲው እንደዚያ ነበር፤ ሁሉም ሰው ሊያየው ይፈልጋል። ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰው የማይሰለፍበት ትንሽ አገር ይሁን። ትንንሾቹን አትናቁ። በትልቁ ፓቪሊዮን ትልቅ ስክሪን ታያላችሁ፤ በትንሹ ግን አስተናጋጁ ሥራ ስለሌለበት ልጃችሁን ቁጭ አድርጎ ስለ አገሩ ከበሮ ያጫውተዋል፣ ያስመታዋልም። አንዳንድ ኤክስፖዎች ላይ የራሳቸውን ቤት የማይሠሩ አገሮች በጋራ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ኦሳካ ላይ እንደዚያ ነበር። ሕፃን ለያዘ ሰው ያ አዳራሽ ወርቅ ነው፦ ጥላ አለው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ዐሥር እርምጃ ነው።

የአገራችሁን ብሔራዊ ቀን ፈልጉ። በኤክስፖ እያንዳንዱ ተሳታፊ አገር አንድ የክብር ቀን ይሰጠዋል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ ጭፈራ ይኖራል። የሰው ሀገር ላይ ላደገ ልጅ እስክስታ በትልቅ መድረክ ላይ ሲጨፈር ማየት ምን እንደሆነ ለስደተኛ ወላጅ አልነግረውም።

አራት፦ ወረፋ ስታስይዙ ሰዓቱን አትሳቱ

አሁን አሁን በየኤክስፖው የታወቁ ፓቪሊዮኖች በስልክ መተግበሪያ ወረፋ ያስይዛሉ። ኦሳካ ላይ ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ በዕጣ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ቲኬቱን እንደያዛችሁ መተግበሪያውን አውርዱ፣ የሁሉንም ስም መዝግቡ፣ ለትልቁ ፓቪሊዮን ወረፋ ጠይቁ። ለሁለት ፓቪሊዮን ስታስይዙ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይኑር፤ ሽንት ቤት፣ ውኃ፣ የወደቀች አሻንጉሊት ፍለጋ፣ ይህ ሁሉ ጊዜ ይበላል።

አሁን የእኛን ችግር ልናገር። መተግበሪያው ላይ የምሽት 8:00 የሚል ወረፋ ያዝኩና ለባለቤቴ ሳላስብ "8 ሰዓት በሩ ላይ እንገናኝ" አልኳት። እርሷ እንደ አገራችን ሰምታ በጠራራ ፀሐይ ከልጆቹ ጋር በሩ ላይ ተገኘች። እኔ ከእናቴ ጋር በሌላው ጫፍ ነበርኩ። በቤታችን ሁለት ዓይነት ሰዓት ስለምንናገር ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን፤ ለኤክስፖ ቀን ሁሉም ነገር በኢትዮጵያ ሰዓት ተተርጉሞ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ወረቀቱም ለእናቴ ይሰጣል። ከስልክ የተሻለ አስታዋሽ እርሷ ናት።

አምስት፦ ቦርሳው

ሁለት ቦርሳ ይበቃል፤ የሚንከባለል ሻንጣ አትያዙ። ባዶ የውኃ ጠርሙስ ለእያንዳንዱ ሰው ያዙ፤ ዱባይ ላይ መሙያ ቦታ ነበር። ከመንገድ በፊት የመግቢያ ደንቡን አንብባችሁ የሚፈቀደውን ምግብ እወቁ። ከተፈቀደ ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሚያህል የመንገድ ስንቅ የለም፦ አይበላሽም፣ አይፈስም፣ የሰልፍ ላይ ልጅ አፍ ያስይዛል።

ነጠላ ያዙ። ሳልቀልድ ነው። ውጪ ፀሐይ መከላከያ፣ ፓቪሊዮኑ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣው ሲበርድ መደረቢያ፣ ሣር ላይ ምንጣፍ፣ ለተኛች ልጅ ብርድ ልብስ ይሆናል። ለልጆች ሙሉ ቅያሪ ልብስና ሁለት ጥንድ ካልሲ ጨምሩ። ለስልክ ተጨማሪ ባትሪ የግድ ነው፤ ቲኬቱም ካርታውም ወረፋውም እዚያው ውስጥ ነው። ካርድም ይኑራችሁ፤ ኦሳካ ላይ በጥሬ ገንዘብ መገበያየት አይቻልም ነበር።

አዲስ ጫማ ለማንም አታድርጉ። "ጋሪ ትቻለሁ፣ ትልቅ ሆኛለሁ" የሚል የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ካላችሁ ጋሪውን ግድ የለም ያዙት፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ትልቅነቱን ይረሳል።

ስድስት፦ መሄጃው

መኪና ያለው ሰው መኪና መያዝ የሚያቀልለት ይመስለዋል። የኤክስፖ መኪና ማቆሚያ ግን ራሱ አንድ መንደር ነው፤ በሩ ጋ ለመድረስ ብቻ የትንሿ እግር አርባ ደቂቃዋን ትጨርሳለች። ዱባይ የሜትሮዋን ቀይ መስመር እስከ በሩ ድረስ ቀጥላ ነበርና በባቡር መሄዱ ይሻል ነበር። የሪያድ ሜትሮ በዲሴምበር 2024 ሥራ ጀምሯል፤ የኤክስፖው ስፍራ ከከተማው በስተሰሜን ነውና ሆቴል ወይም ማረፊያ ዘመድ ስትመርጡ የባቡሩን ካርታ ፊታችሁ ዘርግታችሁ ይሁን።

የዱባይ ሜትሮ ላይ የሴቶችና የሕፃናት ፉርጎ ለብቻ አለ፤ ወንድ ከገባ ይቀጣል። ጋሪና ልጆች ከእናትና ከአያት ጋር እዚያ ይሳፈሩ፣ አባት በሌላው ይሂድ፤ የት ጣቢያ እንደምትወርዱ ግን ከመለያየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። በሪያድ ሜትሮ ደግሞ የቤተሰብ ክፍል አለ።

ሰባት፦ በሩ ላይ ሦስት ነገር

ከፍተሻው እንዳለፋችሁ ወዲያው አትበተኑ። የእያንዳንዱን ልጅ ሙሉ ቁመት ፎቶግራፍ አንሱ፤ ልጅ ቢጠፋ "ምን ዓይነት ልብስ ለብሷል?" ለሚል ጥያቄ የደነገጠ ወላጅ መልስ አያገኝም። ስልክ ቁጥራችሁን በእስክርቢቶ ክንዳቸው ላይ ጻፉ፤ የአገር ኮዱን ጨምሩበት። ከዚያ ከሩቅ የሚታይ መገናኛ ቦታ ምረጡ። ዱባይ ላይ የእኛ 67 ሜትር ከፍታ ያለው የአል ወስል ጉልላት ነበር፤ ከየትም ሆኖ ይታያል። ልጁን "ብትጠፋ ፈልገን" አትበሉት፤ "ባለህበት ቁም፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጥራ" በሉት።

ስምንት፦ ቀኑ ራሱ

በሩ ሳይከፈት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ዱባይ ላይ የሚከፈተው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። ሲከፈት ሕዝቡ ለበሩ ቅርብ ወደሆነው ፓቪሊዮን ይጎርፋል፤ እናንተ ከትልልቆቹ መካከል ሩቅ ወዳለው በቀጥታ ሂዱ። ያኔ የልጆቹ እግር ትኩስ ነው፣ ሰልፉም አጭር ነው። ፎቶግራፍ ለመነሣት አትቁሙ፤ ማታ መብራቱ ሲበራ ያምራል።

ምሳ ከ6 ሰዓት በፊት ብሉ። ሁሉም ሰው በ7 ሰዓት ይርበዋልና ያኔ ወንበር አይገኝም።

ከ7 እስከ 9 ሰዓት ምንም አታድርጉ። ይህን ለማመን ሁለት ጉብኝት ፈጅቶብኛል። ገንዘብ ከፍሎ የገባ ሰው ጥላ ሥር ተኝቶ መዋል ኪሳራ ይመስለዋል። ፀሐይዋ የምትበረታው፣ ሰልፉ የሚረዝመው፣ ልጅ የሚያለቅሰው፣ ባልና ሚስት የሚጣሉት ግን በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ነው። ጥላ ፈልጋችሁ ነጠላውን አንጥፉ። የኦሳካው ኤክስፖ ግቢውን የሚከብ፣ ዙሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር የሆነ ግዙፍ የእንጨት ቀለበት ነበረው፤ ሥሩ ጥላ ስለሆነ ዝናብም ፀሐይም ያስመልጥ ነበር። በየግቢው እንደዚያ ያለ ነገር አይጠፋም፤ ጠዋት ስታልፉ ምልክት አድርጉበት።

ከዕረፍቱ በኋላ ሁለተኛው ፓቪሊዮን፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሜዳ ላይ የሚታየው። ዱባይ ላይ የእኛ ምርጫ ውኃው ወደ ላይ የሚፈስ የሚመስለው ፏፏቴ ነበር። ከትልልቅ ግድግዳዎች ላይ ውኃ ይንዶለዶላል፣ በመካከሉ እሳት ይነድዳል፣ ሙዚቃ አለው። ልጆች ሁሉ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ሮጠው ገቡ፤ የእኔዎቹም። ቅያሪ ልብስ ያልኩት ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቅያሪ ስላልያዝን ተቆጥተን ከለከልናቸው፤ ወንድዬው ያኮረፈው በዚህ ነበር። በሦስተኛው ቀን እናቴም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባች። "ጠበል ነው" አለች።

ሦስተኛው፣ ትንሹ ፓቪሊዮን፣ ከመሸ በኋላ ይሁን። የደከመው ቢተኛም ጋሪ አለ።

ዘጠኝ፦ ምግብ

የኤክስፖ ምግብ ውድ ነው፤ ጥጋብ የሚፈልግ ሰው ያዝናል፣ ቅምሻ የሚፈልግ ይደሰታል። ስለዚህ ቁርስ ቤት ውስጥ በደንብ ብሉና እዚያ አንድ ሰሐን ለሁለት እየገዛችሁ የማታውቁትን አገር ቅመሱ። ጿሚ ካላችሁ የሕንድና የሊባኖስ ምግብ ቤት ፈልጉ፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ፈላፍል፣ ሑሙስ አይጠፋም። ቅቤ እንዳለበት ግን ጠይቁ፤ የሕንድ ወጥ ላይ ብዙ ጊዜ ይገባል።

ዐሥር፦ አያት ካለች

እናቴ ተሽከርካሪ ወንበር እንውሰድ ስላት "እኔ መራመድ ያቃተኝ ነኝ እንዴ?" ብላ ተቆጣች። በሦስተኛው ቀን "ቦርሳውን እንጫንበት" ብዬ ወሰድኩት። እስከ 6 ሰዓት ቦርሳው ተቀመጠበት፤ ከዚያ በኋላ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ እርሷ ተቀመጠች። ማንም ምንም አልተናገረም። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች በብዙ ፓቪሊዮኖች ቅድሚያ መግቢያ ስላለ ከመሰለፋችሁ በፊት አስተናጋጁን ጠይቁ።

ዐሥራ አንድ፦ የማኅተሙ ደብተር

በየፓቪሊዮኑ ማኅተም የሚመታበት ፓስፖርት የሚመስል ደብተር አለ፤ ዱባይ ላይ 20 ድርሃም ነበር። በሞንትሪያሉ ኤክስፖ 67 መግቢያው ራሱ ፓስፖርት መሳይ ደብተር ነበርና በየፓቪሊዮኑ ይታተምበት ነበር። ለእኛ ልጆች ግን ሌላ ትርጉም አለው። ቪዛ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከወላጆቹ ወሬ የሚሰማ ልጅ በአንድ ቀን አገር ለአገር ያለ ጥያቄ ሲታተምለት ይገረማል። "አባዬ፣ ለፈረንሳይ ቃለ መጠይቅ የለውም?" ብሎኛል ልጄ።

ነገር ግን ደብተሩ ቀኑን ሊበላው ይችላል። ልጆች ወደ ፓቪሊዮኑ ሳይገቡ ማኅተሙን ብቻ ይዘው መሮጥ ይጀምራሉ። ሕጋችን፦ ውስጡ ገብቶ አንድ ያየውን ነገር ለአያቱ ያልተናገረ ልጅ ማኅተም አያገኝም።

ዐሥራ ሁለት፦ መመለሻ

የማታው ትርዒት እስኪያልቅ አትጠብቁ። ከማለቁ ዐሥራ አምስት ደቂቃ በፊት ወደ ጣቢያው መንገድ ጀምሩ፤ የቀረውን ወደ ኋላ እየዞራችሁ ታዩታላችሁ። ትርዒቱ ካበቃ በኋላ ያለው የባቡር ሰልፍ ከየትኛውም ፓቪሊዮን ይረዝማል። ከመሳፈራችሁ በፊት የልጆቹን ካልሲ ቀይሩ፣ ሰዉን ቁጠሩ፣ ነጠላውን ቁጠሩ። እኛ አንዱን ነጠላ ሣር ላይ ትተን መጥተናል።

የሪያዱ እስኪደርስ መለማመድ ለሚፈልግ፣ የዱባዩ ግቢ ዛሬ ኤክስፖ ሲቲ ተብሎ ክፍት ነው፤ በ2023 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤም የተካሄደው እዚያ ነው። ከአገሮቹ ፓቪሊዮኖች አብዛኞቹ ፈርሰዋል፤ አሊፍ፣ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚያሳየው ቴራ፣ ጉልላቱና ፏፏቴው ግን አሉ። ዋጋና ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ ከመነሣታችሁ በፊት አረጋግጡ። ቴራን ጠዋት፣ አሊፍን ከሰዓት፣ ፏፏቴውን ጀንበር ስትጠልቅ አድርጉት፤ በመካከሉ ያችን የሁለት ሰዓት ዕረፍት አትዝለሉ።